ወደ ግራ ለመሄድ በቀኝ

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ «ፍሬቻ» ይለዋል። ሃያ ስምንት ዓመት መኪና መንዳት ሲያስተምር «ፍሬቻ አሳይ! ፍሬቻ!» እያለ ስለሚጮህ ነው። ከተማውን ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚያውቀው ይምላል። እኔንም ለአሰልጣኝነት ያበቃኝ እሱ ነው፤ ስድቡን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ባለ ሦስት ደርቡ ማሳለጫ የተከፈተ ቀን ግን ጉድ ፈላ። አጎቴ ወደ ቤቱ ለመግባት ወደ ግራ መታጠፍ ነበረበት። እንደ ልማዱ የግራውን መስመር ሙጭጭ ብሎ ያዘ፤ ማሳለጫውም አሳልጦ ከከተማ ውጭ አወጣው። ተመልሶ ሞከረ፤ አሁንም ከከተማ ውጭ። ሦስተኛውም ያው። ቤት ሲደርስ «ጎማ ፈንድቶብኝ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ተማሪዎቹን በውስጥ ለውስጥ መንገድ ብቻ እያዞረ፣ ማሳለጫ ለሰነፍ ሹፌር የተሠራ ነው ይል ጀመር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። የመንጃ ፈቃድ ቢሮው አሰልጣኝ ሁሉ ማሳለጫው ላይ እንዲፈተን፣ የወደቀም የማስተማር ፈቃዱን እንዲመልስ ማስታወቂያ ለጠፈ። የአጎቴ ፊት አመድ መሰለ። ከማስተማር ሌላ የሚችለው ሥራ የለም፤ ሻይ እንኳ ሲያፈላ ያሳርራል።

ሚስቱ ማሳለጫው ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ስምንተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ትወለውላለች።

«ያን ቀን ሦስቴ ስትመላለስ አየሁህ እኮ» አለችው።

«እኔን?»

«አንተን። ጎማህም ደህና ነበር።»

የሚገባበት ጠፋው። እሷ ግን አልሳቀችበትም፤ ማለቴ፣ ብዙ አልሳቀችበትም። ሁለት ፎጣና ቀበቶውን እንደ መንገድ አልጋው ላይ ዘርግታ፣ ከመስኮቷ በየቀኑ የምታየውን የጫማ ቀለም ቆርቆሮ እንደ መኪና እየነዳች አሳየችው።

«ወደ ግራ ከፈለግክ መጀመሪያ ድልድዩን እለፍ። ከዚያ በቀኝ ውጣ፤ መንገዱ ራሱ ዞሮ ያመጣሃል።»

«ወደ ግራ ለመሄድ በቀኝ? እንዲህ ያለ ነገር ለማንም አስተምሬ አላውቅም!»

«ለዚህ ነዋ የጠፋኸው።»

በፈተናው ቀን ወጣቱ ፈታኝ ከፊት፣ ተራዬን የምጠብቀው እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ሚስቱ ሁሉንም ነግራኝ ስለነበር ሳቄን በመከራ ነው የያዝኩት።

«ወደ ግራ ይውሰዱን» አለ ፈታኙ።

የአጎቴ እጅ መሪውን ወደ ግራ ሳብ አደረገና መለሰው። ድልድዩን አለፈ። ላቡን ጠረገ። በቀኝ ወጣ። ዞር ዞር ስንል ልክ የምንፈልገው መንገድ ላይ ዱብ አልን።

ፈታኙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ከጠዋት ጀምሮ ሳይሳሳቱ ያለፉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ማን አሳየዎት?»

ውሸቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ በመስታወቱ አየሁት። ዋጠው።

«ባለቤቴ» አለ። «እሷ መኪና ነድታ አታውቅም።»

ፈታኙ ቀልድ መስሎት ሳቀ። አጎቴ ቱግ አለ።

«ምን ያስቅሃል፣ ልጄ? ሂድና ተማር። ስምንተኛ ፎቅ ናት።»