በር በሌለበት

ዛሬ እናቴ ግድግዳ የሌለውን ቤተ ክርስቲያን ዞራ በሴቶች በር ገባች።

ጠዋት ከልደታ ተነስተን፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የጥንት ገዳም ፍርስራሽ ልናይ ሄደን ነበር። ጣሪያ የለውም። ከግድግዳው የቀረው ከጉልበት አያልፍም፤ መሀሉን ሣር ወርሶታል።

እኔ ባገኘሁት ክፍተት ዘው ብዬ ገባሁ። እማዬ ግን ጫማዋን አውልቃ በደቡብ በኩል መዞር ጀመረች።

"እማዬ፣ በዚህ ግቢ እንጂ! በር እኮ የለም።"

"የሴቶች መግቢያ በዚህ ነው" አለችኝ ረጋ ብላ። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንዱን ድንጋይ ተሳለመች።

(ለጉዞው ብዬ የገዛሁትን ቡት ጫማ ማሰሪያውን ፈትቼ ሳልጨርስ እሷ ጸልያ ወጣች።)

አመሻሽ ላይ ኮንዶሚኒየማችን ደረስን። እማዬ እንደ ልማዷ በመኪና ማቆሚያው መሀል ማቋረጡን ትታ በዳር በኩል ዞረች። እስከ ዛሬ መኪና ፈርታ ይመስለኝ ነበር። ጠየቅኳት።

"እዚህ የነበረው ሰፈራችን ሳይፈርስ የግቢያችን በር እዚያ ጋ አልነበር እንዴ?" አለችኝ።

ተከትያት ዞርኩ።

እናንተስ ቤት፣ እስካሁን በሌለ በር የሚገባ ሰው አለ?