እናቴ ያልመጣችበት የካርድ ቀን

ልጅ እያለሁ እናቴ በሚያዝያ ፀሐይ እንኳ ጋቢ በፌስታል ይዛ ነበር ሥራ የምትሄደው። የሰፈራችን ሰው «አንቺ፣ ውርጭ አገር ነው እንዴ የምትሠሪው?» እያለ ያሾፍባት ነበር። ጉርድ ሾላ ባለው መሥሪያ ቤቷ ቁም ሣጥን የሚያክል ኮምፒዩተር ነበር፤ ሜይንፍሬም ይሉታል። ሙቀት ስለማይወድ ክፍሉ እንደ እንጦጦ ንጋት ይቀዘቅዛል። የእናቴ ሥራ እሱን መጠበቅ ነበር።

አራተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት፣ ካርድ በሚሰጥበት ቅዳሜ ሥራ እንደምትገባ ነገረችኝ። በእኛ ትምህርት ቤት ደግሞ ወላጅ ያልመጣለት ልጅ ካርድ አያገኝም፤ ጓደኞቹ እየተሳሳቁ ሲሄዱ ብቻውን ተቀምጦ ይቀራል። አባቴ የሚሠራው ክፍለ ሀገር ነው። አኮረፍኩ። «ከእኔና ከኮምፒዩተሩ ማንን ነው የምትወጂው?» አልኳት።

ሳቀችና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ብዙ ዳታቤዞች፣ የመረጃ መዝገቦች ማለት ነው፣ አሉ፤ እያንዳንዱ የሚጠብቀው ፕሮግራም አለው። ጠባቂዎቹ ግን የየራሳቸው ጓዝ የላቸውም፤ ሁሉም የሚደገፉበት አንድ የጋራ ቦታ አለ። «እንደ እድራችን ድንኳን በይው፤ ለየቤቱ ድንኳን አይሰፋም» አለችኝ። ያ የጋራ ቦታ ቅዳሜ ይታደሳል። እሱ ሲቆም ጠባቂዎቹ ሁሉ አብረው ስለሚቆሙ፣ እስኪመለስ ድረስ ሰው ቁጭ ብሎ በዓይኑ መጠበቅ አለበት። ነገሩ ገባኝ፤ ግን አልተጽናናሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ዘነበ። ክፍላችን እርጥብ ነጠላና የጫማ ጭቃ ይሸታል። ስሜ ተጠራ። ያኔ ሾላ ገበያ በርበሬ የምትሸጠው ጎረቤታችን፣ እትዬ ደስታ፣ ብድግ አለች። እናቴ አደራ ብላት መደቧን ለሰው ትታ ነው የመጣችው፤ የበርበሬው ብናኝ ከልብሷ ሲነሣ አጠገቧ ያሉት ሁሉ ማስነጠስ ጀመሩ። ወዲያው ከኋላ አባባ ገመቹ ተነሡ። ድሮ እንጦጦ ግርጌ ያርሱ የነበሩ የግቢያችን ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውን የላካቸው የለም፤ ወሬውን በአጥር ሰምተው ነው።

መምህሩ ግራ ገብቷቸው «ከሁለታችሁ ወላጇ ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁት» አሉ አባባ፣ ኮስተር ብለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ።

ደስታዬ ግን ግቢ እስክንደርስ ነበር። ሒሳብ ወድቄያለሁ። አባባ ካርዱን በየበሩ እያሳዩ፣ «ኢንተላ ኮ» እያሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ከጎረቤቱ ሁሉ ጋር ተቆጡኝ። ከሁሉ የባሰችው እትዬ ደስታ ነበረች። ተቆጥታኝ ስታበቃ ግን ቤቷ አስገብታ እንባዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ፤ ትኩስ ድንችም አበላችኝ። እናቴ አመሻሽ ላይ ሥራዋን በሰላም ጨርሳ ስትመጣ ለእሷ የሚሆን ቁጣ አላስተረፉላትም። ካርዱን አየች፣ ፊቴን አየች፣ «በቃ፣ ተቀጥተሻል» አለችኝ።

ዛሬ መሪ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የልጄ ውጤት በስልኬ ይመጣል፤ ወላጅ መሄድ የለበትም። እውነቱን ለመናገር ይመቻል። ባለፈው ሰኔ እሷም ሒሳብ ወደቀች። ተቆጣኋት፤ ሳላበዛውም አልቀረሁም። እያለቀሰች በሩን ከፍታ ወጣች። ደንግጬ ስከተላት ደረጃው ላይ ቆማ የጎረቤቶቻችንን በሮች ታያለች። ሁሉም ዝግ ናቸው፤ ከአንዱም ቤት ገብታ አታውቅም። ትንሽ ቆይታ ተመለሰችና፣ ሌላ የምታለቅስበት ቤት ስለሌላት፣ በተቆጣኋት በእኔው ጉያ ተሸጉጣ አለቀሰች።