በሰው ፊት ያጠብሁት ጋን

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። አርብ ገበያ ገብስ ሸጬ ስመለስ መንገድ ላይ ወታደሮች ያዙኝና ማዳበሪያ ይቀመጥበት ከነበረ መጋዘን ከተቱኝ። ማዳበሪያው ወጥቷል፣ ሽታው ግን ቀርቶ ዓይን ያቃጥላል። ሠላሳ ያህል ሰው ቆርቆሮውን ተደግፎ ተቀምጧል። ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አለቃቸው አስጠራኝ። የልጅ ልጄን የሚያህል ነው፣ "አንተ" ይለኛል። ወረቀት ዘረጋልኝ።

"የመፈቻ ወረቀት ነው። አውራ ጣትህን አሳርፍና ቤትህ ግባ።"

ከፊደል አልፌ ዳዊት የደረስሁ ሰው አይደለሁም። ቢሆንም ጊዜ ከሰጡኝ አነባለሁ። በጣቴ እየተከተልሁ ለቀምሁት። ወረቀቱ፣ ጎረቤቴ ጫካ ለገቡት ታጣቂዎች እህል ሲያቀብል በዓይኔ አይቻለሁ ይላል።

"ይኼ ስለኔ መፈታት አይደለም የሚያወራው" አልሁት።

"ማንበብ ትችላለህ እንዴ?"

"ቀስ ብዬ።"

ያየሁትን እኔ አውቃለሁ። ያን ጣት ባሳርፍ ግን ጎረቤቴ በዚያው ዕለት ከቤቱ ይወሰድ ነበር። እንቢ አልሁ።

አለቃው ተሹሞ ኖሮ ድግስ ሊደግስ ነው። ከየቤቱ ያስወሰዳቸው ሁለት ጋኖች አተላ ደርቆባቸው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። የከተማው ሴቶች አንዷ ወገቤን፣ አንዷ ሐዘን ላይ ነኝ እያሉ ሸሽተውታል።

"እንግዲያው ጋን አጣቢ ትሆናለህ" አለኝ። "ጠያቂው ሁሉ እያየህ። እጅህ ሲዝል ትፈርማለህ።"

እኛ አገር ወንድ ጋን ማጠቡ ነውር ነው። በነውር ሊሰብረኝ ማሰቡ ነው፣ ምስኪን። ሚስቴ ከመሞቷ በፊት ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ውላለች። የሚካኤልን ዝክር ጠላ የጠመቅሁት እኔ ነኝ። ጋኑን አስጠግቼላት አሽትታ "አልጠራም፣ ድገመው" ትለኝ ነበር። ከእሷ ወዲያ አለቃ አላውቅም።

ስንቅ ያመጡ ሰዎች በር ላይ ተሰልፈዋል። ጋኑን አጋድሜ ክንዴን እስከ ብብቴ ከተትሁት። ጠባቂው የልብስ ሳሙና አቀበለኝ።

"ይኼን ምን ላርገው?"

"እጠብበታ።"

"ጋን ሸክላ ነው፣ ሳሙናውን ይጠጣል። አለቃህን የሳሙና ጠላ ልታጠጣው ነው? እኔንስ ደስ ይለኛል። ጋኑ ግን የሰው ነው። ግራዋ ቁረጥልኝ።"

ግራዋ የቱ እንደሆነ አላወቀም። ከአጥሩ ላይ በቅሏል፣ ክንዱን እየነካው።

ከሰልፉ አንዲት ሴት ወጣች። የዚያው የጎረቤቴ ሚስት ናት፣ ለእኔ ስንቅ ይዛ መጥታለች። አገልግሏን አስቀምጣ ግራዋውን ሸመጠጠችና ወደ እኔ መጣች።

"አያ፣ ይተዉ እኔ ልጠብልዎ። እርስዎ እያጠቡ እኔ ቆሜ ልይ?"

"ተይው። ቅጠሉን ብቻ ስጪኝ።"

"ምን አደረጉ ብለው ነው?"

"ምንም አላደረግሁ። እሱ ነው ያናደዳቸው።"

ከሰልፉ አንዱ ሳቀ። በእኔ ግን አልነበረም። አለቃው ከበረንዳው ሆኖ "ሴትዮ፣ ወደ ቦታሽ" አለ።

ቅጠሉን አሽቼ ፈተግሁ፣ አለቀለቅሁ፣ ደገምሁ። አምስተኛው ውኃ ጠራ። የወይራ ስንጣሪ ፍም ላይ ጨምሬ፣ ጋኑን በሦስት ድንጋይ ላይ ደፍቼ አጠንሁት። አለቃው የሚስቅብኝ ሰው ሲጠብቅ ዋለ። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ "እጅዎን ይባርከው" ብለውኝ አለፉ። እሱም ሰማ።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ሳልፈርም ለቀቁኝ። ከጎረቤቴ ጋር ዘንድሮም አንድ አውድማ ላይ ወቅተናል። ስለ ወረቀቱ አልነገርሁትም፣ ውለታ የሚያስቆጥር ነገር አይደለም። ያ አለቃ ወደ ሌላ ቦታ በእድገት ሄደ ይላሉ። ይሂድ። ግራዋ የማያውቁ ጠባቂዎች እዚያም አያጣም።

የመጀመሪያውን ጋን ባጠብሁ በነጋታው ጠዋት ግን ክንዴ አብጦ ነበር። አለቃው ወረቀቱንና የማኅተም ቀለሙን ይዞ መጋዘኑ በር ላይ ቆመ።

"ደከመህ አይደል? በል አሳርፍ።"

 በአጠገቡ አልፌ ወጣሁና ሁለተኛውን ጋን አጋድሜ እጅጌዬን ሰበሰብሁ።