ወደ ግራ ስትታጠፍ ቀጭ የምትል መኪና

አባቴ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ አንድም ቀን ወደ ግራ ታጥፎ አያውቅም። ቀልዴን አይደለም። የያዘው መስመር ከተማውን የሚዞር ነበር፤ ከማደሪያው በቀኝ ይወጣል፣ በቀኝ በቀኝ ሲዞር ይውላል፣ ማታ በቀኝ ታጥፎ ይገባል። ባልደረቦቹ «ቀኙ» ይሉታል፤ እሱም እንደ ማዕረግ ተቀብሎት ኖረ። የምስጉን ሾፌርነት ዋንጫው ዛሬም ቁምሳጥኑ ላይ ተገትሯል፤ አቧራውን ከእሱ በቀር ማንም እንዲጠርገው አይፈቀድም።

ጡረታ የወጣ ሰሞን ለራሱ ሁለት ነገር አደረገ፦ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገጠመ፣ አንድ አሮጌ የቤት መኪና ገዛ። መኪናዋ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ጭምት ናት። ወደ ግራ ስትታጠፍ ግን ቀጭ ቀጭ ቀጭ ትላለች። አባዬ አንዴ ሰማት፣ ሁለቴ ሰማት፣ «ይቺ ጤነኛ አይደለችም» አለና ከዚያ ወዲያ ግራ የሚባል ነገር እርም አለ። ፀጉር አስተካካዩን ቀየረ፤ የድሮው በግራ በኩል ነበር። ፊት ለፊታችን ካለው ፋርማሲ የእማዬን መድኃኒት ለማምጣት ሰፈሩን በሙሉ ዞሮ ይመጣል። እኛም ለመድነውና ዝም አልን።

ጣጣው የመጣው እህቴ ስትወልድ ነው። ቤቷ ወንዝ ዳር በሚሄደው መንገድ ላይ፣ በግራ በኩል ነው። በስተቀኝ ወንዝ ነው፤ ካልዋኙ በቀር ዞሮ መመለሻ የለም። በእግሩ እንዳይሄድ ጉልበቱን ያመዋል፤ ታክሲ እንዳንለው ደግሞ ሌላ ሰው የሚነዳው መኪና ላይ ከተቀመጠ ያስመልሰዋል። ሕፃኗ አንገቷን አቀናች፣ መሳቅ ጀመረች፣ አያቷ ግን አላያትም። አንድ ቀን እህቴ ደወለችለት።

«ሴት ስለወለድኩ ነው አይደል? ንገረኝና ቁርጤን ልወቅ።»

«ኧረ መኪናዋ ናት፣ ልጄ!»

«እንግዲያው መኪናዋን እያቀፍክ ሳም» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

አባዬ የዚያን ቀን ምሳውን ሳይነካ ከገበታ ተነሳ። እኔም በጣም አዘንኩለት፤ በጣምም ተናደድኩበት።

በማግስቱ እሱና እማዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ጋራዥ ሄድን፤ ጋራዡ፣ ተመስገን ነው፣ በቀኝ በኩል ነው። መካኒኩን ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ጆሮ» በሚለው ስሙ ነው፤ የመኪና በሽታ በድምፅ ብቻ እለያለሁ ባይ ነው። አባዬን በግቢው ውስጥ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አስጠምዝዞ ቀስ ብሎ እንዲነዳ አዘዘው። ቀጭ ቀጭ ቀጭ!

«አገኘኋት» አለ ጆሮ። «ይሄ ከፊት ጎማው ጋር ያለው መጋጠሚያ ነው፣ አባባ። የላስቲክ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ግሪሱ ያልቃል፣ አቧራ ይገባል፤ ከዚያ ብረት ከብረት ይፋጫል።»

በክሪክ አነሳትና ከሥሯ ገባ። ሲወጣ ፊቱ ቅጭም ብሏል። «ሽፋኑ ደህና ነው። ግሪሱም ሙሉ ነው።»

«ቀይረው።»

«ጤነኛውን?»

«ቀይረው አልኩህ!»

ቀየረው። ከዚያ ራሱ ወደ ግራ ነዳት፤ ጸጥ። አባዬ ነዳት፤ ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

«ሰው ትለያለች እንዴ?» አለ ጆሮ።

«ለባለቤቷ ነው ሕመሟን የምትናገረው» አለ አባዬ፣ ኮራ ብሎ።

ጆሮ እልህ ያዘው። እኔን የዕቃ መጫኛው ውስጥ አጣጥፎ አስተኝቶ ከደነብኝ፤ እማዬን የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ ራሱ ከፊት ገብቶ ጭንቅላቱን ከዳሽቦርዱ ሥር ቀበረ። «ዙሩ! ሁላችሁም ስሙ!» አለ። ዞርን። ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

«ከፊት ነው!» ብዬ ከጨለማው ውስጥ ጮህኩ።

«ከላይ ነው፣ ከላይ!» አለ ጆሮ።

«ላይ ምን አለ? ጣሪያ!» አለ አባዬ።

እማዬ ግን ለካ ዓይኗን የባሏ ጉንጭ ላይ ተክላ ኖሯል።

«አቁም» አለች። «አንተ ሰውዬ፣ እስቲ አፍህን ክፈት።»

«ምን?»

«ክፈት አልኩህ!»

ከላይም ከታችም ጥርሱን አወለቀችለትና መሀረብ ውስጥ ጠቀለለችው። «በል አሁን ዙር።» ወደ ግራ ዞረ። መኪናዋ ጭጭ አለች። ጆሮም ጭጭ። እኔ የዕቃ መጫኛው ውስጥ በሳቅ ልፈነዳ ስል የአባዬን ድምፅ ሰማሁ፤ ያለ ጥርስ ሲናገር የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል።

«እፈራለሁ» አለ። «ግራ ስዞር ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ እላዬ ላይ የሚወጣ ይመስለኛል። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ይሄን ለማን ይናገራል?»

«ለእኔ» አለች እማዬ። «ለእኔ ትናገራለህ።»

ሳቄ ጠፋ።

ከዚያው ከጋራዡ ወደ እህቴ ቤት ሄድን፤ እኔንም ደግነቱ ከመነሳታቸው በፊት አስታወሱኝ። ወንዝ ዳር ደርሰን መታጠፊያው ላይ አባዬ ቆመ። ከኋላችን ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ያንባርቃል። ድዱን ነክሶ መሪውን ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። እማዬ ትከሻው ላይ እጇን ጣል አድርጋ፣ «አይዞህ፣ ልጅቷ እዚያ ናት» አለችው። ታጠፈ።

እህቴ በሩን ስትከፍት ፊቷ እንደ ተቋጠረ ነበር። አባዬ ሕፃኗን ከእጇ ተቀበለና በባዶ ድዱ ሳቀላት። ሕፃኗ አተኩራ አየችው፤ ከዚያ እሷም በባዶ ድዷ ሳቀችለት።

«አባዬ፣ ጥርስህስ?» አለች እህቴ፣ እንባዋ እየመጣ።

«ቀጭ ቀጭ እያለ አስቸገረኝ፤ አስፈታሁት።»

እማዬ መሀረቡን ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችለት። አባዬ ዓይኑን ከሕፃኗ ሳይነቅል በክርኑ መለሰው።

«ቆይ፣ አሁን አላደርገውም» አላት። «እንዲህ ሆኜ ነው ያወቀችኝ።»