የመስታወቱ መርዶ

ከደሴ የወጣሁበት ማታ፣ ጎረቤት ከጠየቀ «ጅግጅጋ ለሠርግ ሄዷል» እንዲባል ከእናቴ ጋር ተስማማን። ለሠርግ የሚሄድ ሰው ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይወጣል? ማንም አልጠየቀም እንጂ ሁሉም አውቋል። ጅግጅጋን አልፌ፣ ድንበር ላይ ያለችውን ቶጎ ውጫሌን ተሻግሬ ሀርጌሳ ገባሁ።

በጦርነት የፈረሰው ከተማ ገና ጣሪያ እየለበሰ ነበር። የሕንፃ ዕቃ የሚያስመጣ ድርጅት ከበርበራ ወደብ የሚመጡ መኪኖችን እንድከታተል ለሦስት ወር ሙከራ ቀጠረኝ። ካለፍኩ የመኖሪያ ወረቀት ያወጣልኛል፤ ከወደቅኩ በመጣሁበት መመለስ ነው፣ ያውም አፍሬ።

ሩዝ ከሙዝ ጋር መብላቱን በሳምንት ለመድኩት። ያስቸገረኝ ሰላምታቸው ነው። እኛ አገር ሰው ሲገናኝ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ ተጠያይቆ፣ አልሐምዱሊላህ ተባብሎ፣ አንድም ነገር ሳይነጋገር ሊለያይ ይችላል። እነሱ ገና ከሩቅ «ወራን!» ይሉሃል፤ ወሬ አምጣ ማለት ነው። ወሬ የደበቀ ሰው እዚያ ከሌባ አይሻልም።

ሥራ አስኪያጄ ሙስጠፌ እንግሊዝ አገር ተምሮ የተመለሰ የሀርጌሳ ልጅ ነው። ይዞት የመጣው አንድ ወፍራም የማኔጅመንት መጽሐፍ ነበር። «እኛ ኢንተርናሽናል ነን» ይላል ሁልጊዜ። ኢንተርናሽናሉ እኔ ብቻ ነበርኩ።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት በመገናኛ ሬዲዮ ክፉ ዜና ደረሰኝ። ለአዲስ ሆቴል መስታወት የጫነው መኪናችን ተገልብጧል። ሾፌሩ ተርፏል፤ መስታወቱ ግን ዱቄት ሆኗል።

ሙስጠፌ ቁርሱን ይዞ ገባ። ምግብ ፊቱ ላለ ሰው መርዶ እንዴት ይነገራል?

«ሰይድ፣ መኪናው የት ደረሰ?»

«መንገድ ላይ ነው፣ ጌታዬ።» አልዋሸሁም።

«ሁሉ ሰላም?»

«ሾፌሩ አልሐምዱሊላህ ደህና ነው።»

ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ጅግጅጋ ያር የሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ሄድኩና የአገሬን ሰው፣ ልብስ ሰፊውን ጋሽ ይማምንና አንድ ሼህ መርዶውን እንዲነግሩልኝ ለመንኩ። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ሦስታችን የሙስጠፌን በር አንኳኳን። በሽርጥ ወጣ። ተቀመጥን። ሱማልኛ የሚችሉት ጋሽ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ የዱንያ ንብረት ዛሬ አለ ነገ የለም...»

«መስታወቱ ነው?»

ተያየን።

«ሻይ የምታፈላው ፋዱሞ ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ነገረችኝ። ለእሷ የነገራት የግመል ወተት ሻጩ ነው» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ጠዋት ብትነግረኝ ኖሮ ለሆቴሉ ባለቤት ነገ ይደርሳል ብዬ አልምልም ነበር!»

«ይህን እያወቅህ» አሉ ጋሽ ይማም ከልባቸው አዝነው፣ «እንቅልፍ እንዴት ወሰደህ?»

ቢሮ ስንገባ ሙስጠፌ ከወፍራሙ መጽሐፉ እያየ ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምድ ሠራ። በአንዱ ራስ «ዳይሬክት» በሌላው «ኢንዳይሬክት» ብሎ ጻፈ። ከኢንዳይሬክቱ ሥር የእኔን ስም ብቻ አሰፈረ።

«ሰይድ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ የባህል ዳይሜንሽን ነው። ግን ዳይሜንሽንህን በዚህ ወር ካላስተካከልክ አሰናብትሃለሁ።»

ማስተካከያው በየጠዋቱ ፊቱ ቆሜ አንድ ክፉ ወሬ ሳላለባብስ መናገር ሆነ። የመጀመሪያ ቀን «የማተሚያው ቀለም አልቋል» ለማለት ሸሚዜ በላብ ራሰ። በሁለተኛው ሳምንት ክፉ ወሬ አለቀብኝና ፋዱሞን መለመን ጀመርኩ። «ሱሪዎ አጥሯል በለው» አለችኝ፤ አልኩት። በመጨረሻው ቀን ምላሴ ተፈትቶ «ስብሰባዎ ይረዝማል፤ ማንም አይሰማዎትም» አልኩት። «ኤክሰለንት» አለኝ ሙስጠፌ፤ ፊቱ ግን እንደዚያ አይልም። ሥራው ጸናልኝ።

የዚያኑ ዕለት ደስታዬን ላካፍል ስልክ ቤት ገባሁ። ጎረቤት ቤት ደውዬ እናቴን አስጠራሁ።

«ሁላችን ደህና ነን፣ ምንም የለም» አለች፣ ገና ሳልጠይቅ።

«አባባስ?»

«መስጊድ ናቸው።»

ባለፈው ወር ስደውልም መስጊድ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ገበያ። ሰዓቱ ደግሞ የየትኛውም ሶላት ሰዓት አልነበረም። ከጀርባዋ የአክስቴ ድምፅ በሹክሹክታ አንድ ነገር ይላታል። እናቴ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው በጥድፊያ ታወራኛለች። ይህን አነጋገር አውቀዋለሁ፤ እኔም የዚያው ቤት ልጅ ነኝ። «እማ፣ እውነቱን ንገሪኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚቀረኝ፤ አንድ ወር ሙሉ የተለማመድኩት ይህንኑ ነው። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

«ሲመጡ ሰላም በይልኝ» አልኩ።

እፎይ ስትል ሰማኋት።