የቀሩት ሁለት መስመሮች

ፊደል ለቃሚው ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የብረት ፊደል ሲደረድሩ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ከሥራው ሁሉ የሚወዱት የልጆች ግጥም ነበር፤ ስለ ኩሬ፣ ስለ ቢራቢሮ፣ ስለ ጠፋ ላጲስ የተገጠመ ሲደርሳቸው እያንጎራጎሩ ይለቅሙታል። ባልደረቦቻቸው «ጢም ያበቀለ ሕፃን!» እያሉ ሲስቁባቸው እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

አንድ ነገር ግን ለማንም ተናግረው አያውቁም። አንድ ዓርብ፣ የተማሪዎች ንባብ መጽሐፍ ሊያልቅ ሲል፣ የጫጩቷ ግጥም ገጹን ሞልቶ ሁለት መስመር ተረፈ። ገጹን ፈትቶ እንደገና መደርደር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ገጣሚው ከሞቱ ቆይተዋልና የሚጠይቅ የለም። አለቃቸው ከበሩ ላይ «አለቀ ወይስ አላለቀም?» ብለው ሲጮኹ፣ «አለቀ!» አሉና ሁለቱን መስመር በትነው ፊደሉን ወደ ሣጥኑ መለሱ። ማንም አላወቀባቸውም። መጽሐፉም እንደ ጎደለ በየዓመቱ እየታተመ በየትምህርት ቤቱ ገባ።

ዛሬ የልጅ ልጃቸው ያንኑ መጽሐፍ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታነብላቸዋለች።

«ጎጆዋ ራሰባት፣ ዝናቡም በረታ፤
ጫጩት አለቀሰች፣ እናቷን ተጣርታ።»

«አባባ፣ እናቷ ግን መጣች?»

«መጥታለች እንጂ!»

«መጽሐፉ አይልማ። መምህራችን እናቷ ሳትሞት አትቀርም ብለውናል። እማዬም ልጅ ሆና አልቅሳበታለች።»

ሽማግሌው እስከ ጆሯቸው ድረስ ጋሉ። ያኔ ልጃቸው ስታለቅስ ከጎኗ ተቀምጠው «ግጥም ነው እኮ፣ እርሺው» ያሏት እሳቸው ነበሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና በቃላቸው አሉት፦

«ዝናቡም አባራ፣ ሰማዩም ጠራላት፤
እናቷ ደረሰች፣ ክንፏን ደረበችላት።»

ልጅቷ ሳቀች። «አባባ ደግሞ! እኔን ለማባበል አሁን የፈጠርከው ነው።»

«አዎ» ቢሉ ነገሩ እዚያው ባለቀ። አፋቸው እሺ አላላቸውም።

«አልፈጠርኩም የኔ እናት። ነበረ። እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

«ለምን?»

«ቦታ አልበቃኝም... ደግሞም ወደ ቤቴ ቸኩዬ ነበር።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር። እርሳሷን አውጥታ ሰጠቻቸው። «በቃ፣ ጻፈው።»

የገጹ ግርጌ ጢም ብሎ ሞልቷል። «ይኸው፣ ዛሬም ቦታ የለውም» አሉ፣ መጽናኛ ያገኙ መስሏቸው።

ልጅቷ መጽሐፉን ወደ ጎን አዞረችው። «በዚህ በኩል ባዶ ነው እኮ፣ አባባ።»

አንገታቸውን ደፍተው ጠርዙ ላይ መጻፍ ጀመሩ።

«ለእናትሽ ታሳዪያታለሽ?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«አሳያታለሁ። ማን እንዳወጣው ግን አንተ ንገራት።»