ሞተሬን ለመምህር ሰይድ ያዋስኩ ቀን

በደርግ ጊዜ ከጎብዬ እስከ ዋጃ ድረስ እንደ እኔ ሞተር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቀይዋ ሞተሬ ቆቦ ላይ ስትነሳ ሮቢት ያሉ ዶሮዎች ደንግጠው ቆጥ ላይ ይወጡ ነበር። ጋራዥ የሚባል ደጅ ረግጣ አታውቅም። ሐኪሟም ነጂዋም እኔው ነበርኩ።

የምነግራችሁ ነገር የደረሰው በአንድ የነሐሴ ቅዳሜ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ እኔም ሸብቻለሁ። ግን ዛሬም አውቶቡስ ተሳፍሬ ስሄድ፣ ፊት ለፊት አንድ ነገር ድንገት ብቅ ካለ ቀኝ እግሬ ከሾፌሩ ቀድሞ ወለሉን ይረግጣል።

ሰይድ ጎረቤቴ ነበር። የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ ዝምተኛ፣ በዚያ ሁሉ የቆላ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። ከሮቢት ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ ካለ መንደር ዘሃራ የምትባል ልጅ አጭቶ ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አባቷ ሼህ እንድሪስ የኒካውን ቀን ለመቁረጥ ሽማግሌ ሰብስበው ይጠብቁታል። አውቶቡሱ ደግሞ ለስብሰባ ሰው ሲያመላልስ ውሏል። ቢቸግረው ሻይ ቤት ድረስ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ሞተርህን አውሰኝ አለኝ።

ሻይ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሞተሬን ለማንም እንደማላውስ ሁሉም ያውቃል። ስስት ነው ይሉ ነበር፤ እኔም እንዲሉ ተውኳቸው።

ደሴ ሲማር የወንድሙን ሞተር ይነዳ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ እንደ መምህርነቱ መጠየቅ ጀመረ። ቤንዚን አላት ወይ አለ፤ አላት አልኩት። ጎማዋስ አለ፤ ከእኔ ጫማ ይሻላል አልኩት።

«ፍሬኗስ?» አለ።

«የእጁን እርሳው ወንድሜ፣ ጌጥ ነው። የእግሩን ያዝ። ቁሚ ስትላት እንደ ወታደር ነው ቀጥ የምትለው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ ሰው ከሳቀልኝ ቤቴንም እሰጣለሁ። ቁልፉን ሰጠሁት።

ሄደ። ቆቦ ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። በስተምዕራብ ግን ተራሮቹ ላይ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። የእኛ አገር ሰው ይህን ያውቀዋል። ዝናቡ ደጋ ላይ ይዘንባል፤ ጎርፉ ግን የሚመጣው እኛ ጋ ነው፣ ጠብታ ባልነካው አሸዋ ላይ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ። እንኳን ሰው ግመል ይወስዳል።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ከሮቢት የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር በሩ ላይ ቆመና ቀይ ሞተር የማን ናት ብሎ ጠየቀ። ጎርፍ ወስዷታል አለ።

ብርጭቆዬን ትቼ ተነሳሁ። ሰውየውስ አልኩት። ሾፌሩ የሰውየውን መጨረሻ አያውቅም። የሰማው ይህን ብቻ ነው፤ ገበሬዎች ከወንዙ ዳር ቁም፣ ቁም እያሉ እየጮኹበት፣ ጎርፉን ፊት ለፊት እያየ ቀጥ ብሎ ገባ።

ሾፌሩን ለምኜ አስመልሼ በዚያው መኪና ሮቢት ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ፣ ሽንት ቤት እንኳ በሞተር ካልሆነ የማልሄደው ሰውዬ፣ በሩጫ ጨረስኩት። አላህንም ማርያምንም በአንድ ትንፋሽ እየለመንኩ።

ስደርስ ጎርፉ ጎድሏል። ሰይድ አንድ ግራር ሥር ተቀምጧል። ውሃው ሲወስደው የግራሩን ቅርንጫፍ ይዞ ነው የተረፈው። ግንባሩ ተሰንጥቋል፣ መላ አካሉ ጭቃ ነው፣ ሸሚዙ ግን እስከ አንገቱ እንደተቆለፈ ነው። ሼህ እንድሪስና ሽማግሌዎቹ ከበውታል። አቅፌው አለቀስኩ።

«ወላሂ ፍሬኑን ረግጫለሁ» አለኝ። «በኃይል ነው የረገጥኩት። አልያዘም።»

ሼህ እንድሪስ ሰሙት። ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሞተሩ ያንተ ነው አሉ። ፍሬን አለው ወይ?»

«አለው፣ አባባ» አልኩ። «ሲደነግጥ በግራ እግሩ ማርሹን ረግጦ ይሆናል።»

ሰይድ ቀና ብሎ አየኝ። ትንሽ አሰበና «ይሆናል» አለ።

ሼህ እንድሪስ አልተቆጡም። ጎርፍ እያየ የሚገባ ሰው ልጄን ይዞ የት እንደሚገባ አላውቅም፣ ዓመት ይቆይና ልብ ይግዛ፣ አሉ። የኒካው ቀን ሳይቆረጥ ሽማግሌው ተበተነ።

ቆቦ ላይ ሰይድ «ዋናተኛው» ተባለ። ተማሪዎቹ ሳይቀሩ ከኋላው በእጃቸው እየቀዘፉ ይስቁበት ነበር። እኔን ግን ሻይ ቤቱ በሙሉ አጽናናኝ። ለካ ልክ ነህ፣ ለካ ሞተር አይዋስም አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ሻዬን ጠጣሁ።

ዘሃራ ዓመቱን ሙሉ ጠበቀችው፤ ተጋቡ። ሠርጋቸው ላይ እንደ እኔ የጨፈረ የለም። ዛሬ ልጆቻቸው ለአቅመ አዳም ደርሰዋል። ሰይድ ግን አሁንም ሞተር ሲያልፍ ባየ ቁጥር፣ ያን ቀን ግራና ቀኝ እግሩ እንዴት እንደተምታታበት ለልጆቹ እየሳቀ ይነግራቸዋል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ሳስበው ጎርፉ አይደለም የሚያስደነግጠኝ። ያቺ «አለው» ያልኳት ናት። እንዴት እንዲህ ቀልጠፍ ብላ ወጣች?

የሞተሬ የእግር ፍሬን ዘንግ ከተሰበረ አምስት ወር ሆኖት ነበር። በሽቦ አስሬው፣ ሽቦው እንዳይታይ በካላማዳሪያ ጎማ ቁራጭ ጠቅልዬው ነበር የምነዳት። ቀስ ብለው ሲረግጡት ይይዛል፤ በኃይል ከረገጡት ይበጠሳል። እኔ በድንገት ማቆም ሲያስፈልገኝ የቀኝ ጫማዬን መሬት ላይ እጎትት ነበር። ለሰው የማላውሰውም ስስት ይዞኝ ሳይሆን፣ ያ ሁሉ ጉራዬ እንዳይጋለጥ ነው።

በማግስቱ ሞተሯን ከአሸዋ ውስጥ ስናወጣ የተበጠሰውን ሽቦ ከማንም በፊት አየሁት። ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ሰይድ ግንባሩን በጨርቅ አስሮ በወዲያ በኩል እየቆፈረልኝ ነበር።